ጋሽ መኩሪያ በሽተኛ ሲጠይቁ

በሽተኛ መጠየቅ ለነፍስ ብቻ ይመስላችኋል? እኔም በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ መዝጋቢ እስክሆን ድረስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ግንባታውን ከዋናው ተቋራጭ ቆርሰው የያዙት ጋሽ መኩሪያ ከሥራ ሲወጡ በሽተኛ ካለበት ቤት አይጠፉም። ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ የሚያውቁት ከዚያ ነው። ሰው ሞቶ ማን ለሥራ አካፋ ያነሣል?

የዕቅድ ክፍሉ ጓድ ግን ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «የጣሪያው ኮንክሪት ሐሙስ ይሞላል፤ አርባ ሰው» ብሎ ጻፈ። ሙሌት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ጋሽ መኩሪያን ጭንቅ ያዛቸው፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እያጣጣሩ ነበር። እኔን አስከትለው ሊጠይቁ ሄዱ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ?» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

አሮጊቷ ገና ሲያዩአቸው ገባቸው። «ሥራህ ለመቼ ነው?»

«ኧረ እኔስ ልጠይቅዎ ብዬ...»

«ለመቼ ነው አልኩህ!»

«ለሐሙስ።»

«እንግዲያው እሱ ከፈቀደልኝ እስከ ዓርብ እቆያለሁ።»

ሐሙስ አርባ ሰው መጣ፤ ኮንክሪቱ ተሞላ። ጓዱም «ዕቅዳችን ሠመረ» ብሎ ሪፖርት ላከ።

ዓርብ ጠዋት የዕድር ጥሩምባ ተነፋ። አካፋ ይዘው ከሁሉ ቀድመው መቃብር ቦታው የደረሱት ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። «ስንት ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እንደ እሳቸው ቀጠሮ የሚያከብር አላየሁም።»