ለውስጥ ብቻ

(የፕላስቲክ ውሃ ታንከር የሚያመርት ድርጅት ቢሮ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ከመዝገብ ቤት የመጡት እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጠገቡ ቆመዋል።)

ኃላፊው፦ ቁጥር አይሰጠውም አልኩ እኮ እትዬ!

እትዬ፦ ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም፣ ልጄ።

ኃላፊው፦ ያ የወረቀት ጊዜ ነው። አሁን በሶፍትዌር ሆኗል። የይዘት ማስተዳደሪያ ይባላል።

እትዬ፦ ማን ይዞት?

ኃላፊው፦ ኤጭ! ይዘት! ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ ምኑ። ድሮ ድረ ገጻችን ላይ አንዲት ቃል ለመለወጥ ባለሙያ ይጠራ ነበር። አሁን ማንም ሰው እንደ ደብዳቤ ተይቦ ይለጥፋል። ቴምፕሌት አለው።

እትዬ፦ ቴምብርማ እኔም ጋ ሞልቷል። ስንት ልስጥህ?

ኃላፊው፦ (ጣሪያውን እያየ) ምን በደልኩህ ፈጣሪዬ! ቴም-ፕ-ሌት! ቅርጹ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ እርስዎ ባዶውን ቦታ ይሞላሉ።

እትዬ፦ እንደ ፎርም።

ኃላፊው፦ እንደ ፎርም አይደለም! … እሺ፣ እንደ ፎርም። አሁን ይስሙኝ። ሁለት ቤት አለን። የውጩን ድረ ገጽ ደንበኛ ያየዋል። የውስጡን ሠራተኛ ብቻ። ሁለቱንም የምንሞላው ከዚሁ ነው።

እትዬ፦ ሁለት ቤት በአንድ በር? አይምታታም?

ኃላፊው፦ ለማያውቅ ይምታታል። እኔ ሦስት ቀን ሠልጥኛለሁ።

እትዬ፦ ይሄ የምትጽፈው ለየትኛው ቤት ነው?

ኃላፊው፦ ለውስጡ፣ ለሽያጭ ሠራተኞች። (እየተየበ ያነባል) «የታንከሩ ክዳን ፀሐይ ሲመታው እንደሚሰነጠቅ ተደርሶበታል። ደንበኛ ካልጠየቀ አትናገሩ። ከጠየቀ፣ ‹የአያያዝ ችግር ነው› በሉት።»

እትዬ፦ ኧረ ነውር ነው! እህቴ ባለፈው ወር ገዝታ ክዳኑን በገመድ አስራዋለች።

ኃላፊው፦ አያያዟ ነው።

እትዬ፦ (ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ) እዚህ ጋ «አንባቢ፦ ሁሉም» ይላል።

ኃላፊው፦ ሁሉም ሠራተኛ ማለት ነዋ!

እትዬ፦ «ሠራተኛ» የሚለው ከሥሩ ለብቻው አለ እኮ።

ኃላፊው፦ ጣትዎን ያንሱ፣ አቆሸሹት! እርስዎ ፋይልዎን ያራግፉ፤ ይሄ የጭንቅላት ሥራ ነው። (ይጫናል) ይኸው፣ ተለጠፈ!

(የጠረጴዛው ስልክ ይጮኻል።)

ኃላፊው፦ ሃሎ? … አዎ፣ ታንከር አምራቾቹ ነን። … የምን አያያዝ? … እርስዎ የት አነበቡት?! (ስልኩን ዘግቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ) እትዬ፣ ደንበኛ ነው! ውጭ ወጥቷል! እንዴት ነው የሚወርደው?

እትዬ፦ የሠለጠንከው አንተ።

ኃላፊው፦ ከሰዓት ከሰዓት አልገባሁም!

እትዬ፦ ዞር በል። (መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አውርደው ሁለት ጊዜ ይጫናሉ) ወደ ረቂቅ ተመልሷል።

ኃላፊው፦ እርስዎ … እንዴት …

እትዬ፦ የሲስተሙ አስተዳዳሪ እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ፣ «የቱ ወረቀት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይያዘው» አሉ። ደብዳቤው ጠረጴዛህ ላይ ከተቀመጠ ሳምንት ሆነው።

ኃላፊው፦ ታዲያ ያን ሁሉ ሞኝ መምሰል ምን አመጣው?

እትዬ፦ ገብቶህ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ። የጠቆምኩህን እንኳ መቼ ሰማህ?

ኃላፊው፦ በቃ ፈጽመው ያጥፉልኝ! ሲስተሙ ተሳሳተ እላለሁ። ማን እንደጻፈው በምን ይታወቃል?

እትዬ፦ እሱ ይመዘግባላ። ተመልከት፦ ስምህ፣ ሰዓቱ፣ የጻፍከው፣ የሰረዝከው ሳይቀር። ይሄን ማጥፋት ለእኔም አልተፈቀደም። (የእጅ ስልካቸውን አይተው) ሥራ አስኪያጁም አንብበውታል። «እውነቱን ጽፈሽ አውጪ» ብለውኛል። (መተየብ ይጀምራሉ)

ኃላፊው፦ ምን እየጻፉ ነው?

እትዬ፦ «ክዳኑ የተሰነጠቀባችሁ ደንበኞቻችን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በነፃ እንለውጣለን። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችንን በእጅ ስልካቸው …» የቁጥርህ መጨረሻ ሰባት ነው ስምንት?

ኃላፊው፦ እትዬ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ!

እትዬ፦ ሰባት ነው። (ይጫናሉ)

(የኃላፊው ኪስ ይጮኻል። ጥሪውን ይዘጋዋል። ወዲያው ደግሞ ይጮኻል።)

እትዬ፦ አንሳው እንጂ ልጄ፤ ሕዝቡ ሊገናኝህ ነው።