ሃያ አራትን የዘለለችው እጅ

በየመንደሩ አንድ ቃል ፈቺ አይጠፋም። የተናገራችሁትን ቃል ከአፋችሁ ነጥቆ፣ እንደ ዓሣ ሆዱን ሰንጥቆ፣ ውስጡን ካላሳያችሁ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። በእኛ በቶንጋዎቹ መንደር ይህ ሹመት የአባቴ እህት የክብርት ኢላይሳኔ ነው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸው ግን አልተወለደም።

የሚፈቱት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ፋይቶቶኑ። ሐቀኝነትን የምንጠራበት ስም ነው። ማንም ሰው ቃሉን ተናግሮ ያልፋል፤ እሳቸው ግን ሁለት ጣት ያነሣሉ።

«ፋይ፣ ማድረግ። ቶቶኑ፣ ትክክሉን። ‹መናገር› የሚለው የቱ ጋ ነው? እስቲ አሳዩኝ!»

ፓስተራችን ስለ ሐቀኝነት አንድ ሰዓት ሙሉ ሰብከው ሲጨርሱ፣ አክስቴ በር ላይ እጃቸውን ጨብጠው አለቀቁም። «ስብከቱ ማር ነው ፓስተር። እጠግነዋለሁ ያሉት ጣራስ?» በማግስቱ ፓስተሩ መሰላል ላይ ታዩ። አጎቴ ሞሴሴ «እውነቴን ነው፣ አሳማዎቼን አስራለሁ» ብለው ሲምሉ፣ አክስቴ አልተከራከሩም። ገመድ አምጥተው አቀበሏቸው።

እኔም ቃሉን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ለሙሽራው ወገን የሚሰጠውን የልጥ ጨርቅ ለሳምንታት ወቀጡ፣ አጣበቁ፣ ቀለም ቀቡ። ሃምሳ ክፍል እንዲሆን ነበር የታሰበው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ርዝመቱ የሚታወቀው ጠርዙ ላይ ክፍል በክፍል በሚጻፈው ቁጥር ነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር አንብቦ ማመን ነው እንጂ ማንም ተራምዶ አይቆጥርም። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ጠዋት፣ ሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠርዙን ሳየው ከሃያ ሦስት ቀጥሎ ሃያ አምስት ይላል። ሃምሳ የሚለው ጨርቃችን አርባ ዘጠኝ ነው!

ለአክስቴ ነገርኳቸው።

«ነገርሽኝ» አሉ። «ደግ። አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንድ ክፍል እንጨምርበት።»

«ያኔ ሃምሳ አንድ ይላል።»

«እንፋቀው?»

«ይህ ቀለም የልጅ ልጆችሽን ይቀብራል።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። «ኧረ ይለፍ! ማን ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል?» አለች አንዷ።

«እኔ» አሉ አክስቴ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ትክ ብለው ሲያዩኝ ዋሉ፤ ቢቆጡ በተሻለኝ።

ቅዳሜ ጨርቁ ሣሩ ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ተዘረጋ። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ሴሚሲ ጫፉ ድረስ ሄዱና በዚያ እንደ ባሕር በሚያስገመግም ድምፃቸው «ሃምሳ!» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። አክስቴ ወገባቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ አየኋቸው። ለልጃቸው ሠርግ፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት፣ የእኔን ስህተት ሊሸከሙ ነው። እንዴት እንደቀደምኳቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«አርባ ዘጠኝ ነው!» አልኩ። «ሃያ አራትን የዘለልኩት እኔ ነኝ።»

ሙሽራይቱ ፊቷን ሸፈነች። ሴሚሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወደ አክስቴ አዩ፤ እንደገና ጠረጉ።

«እንግዲያውስ» አሉ፣ «ለሠርጉ ያመጣነው ያ ትልቁ አሳማም የእኛ አይደለም። የእኛው ትናንት አጥር ጥሶ ስለጠፋ ከጎረቤት ተበድረን ነው።»

ሳቁ ከመንደር መንደር ተሰማ። ሙሽራይቱ ራሷ በሳቅ ሆዷን ያዘች። እኔ የምጠብቀው ሁለቱን ጣቶች ነበር፤ ‹መናገር የቱ ጋ ነው?› ሊሉኝ ነው ብዬ። አክስቴ ግን ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጉ ነበር።

«አቧራ ገባብኝ» አሉኝ።

ለሠርጉ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ነው ያደረው፤ በመንደሩ ውስጥ አንዲት ቁንጥር አቧራ አልነበረችም። ከክብርት ኢላይሳኔ አፍ የሰማሁት ብቸኛ ውሸት እሱ ነው፤ እስከምሞት አልረሳውም።

ባለፈው ወር ሌላ ጨርቅ ጀመርን። «ቁጥሩን ማን ይጻፍ?» ሲባል ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እግራቸውን ማየት ጀመሩ። እኔማ ከሁሉ ይልቅ አቀረቀርኩ። አክስቴ ብሩሹን ቀለም ነክረው መጡና እጄ ላይ አኖሩት።

«ፋይ» አሉኝ። የቀረውን የቃሉን ግማሽ ለእኔ ተዉት።