አጣሪ ኮሚቴው የበላው ዶሮ

ሕግ ባይኖር ሰው ዝም ብሎ ይጋባ ነበር። ከዚህ ዓይነቱ ውርደት ያዳነንን የፖሊስ ሠራዊት መተዳደሪያ ደንብ፣ እንዲሁም ደንቡን በሱዳን ምድር ከገዳሪፍ ወደ ሀዋታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች፣ ስሟን መጥራት ለማንም በማይበጅ አንዲት የሰሊጥ ከተማ ያስከበሩልንን ነቂብ ሉጥፊን አስቀድመን እናመሰግናለን። ነቂብ ማለት በእኛ ሻምበል ነው። የከተማዋ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥም እሳቸው ናቸው።

አገሪቱ በጦርነት ስትታመስ፣ ከካርቱም የተፈናቀለው ሕዝብ በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ሲተኛ፣ መብራት ብቅ ብሎ ሲጠፋ፣ ነቂብ ሉጥፊ ዓይናቸውን ከደንቡ ላይ አልነቀሉም። ደንቡን በአረንጓዴ ፎጣ ጠቅልለው ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩታል። ሌባ ተይዞ ሲመጣ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ቀጥሎ ፎጣውን ይፈታሉ፣ ከዚያ አንቀጹን ይፈልጋሉ። አንቀጹ ሲገኝ ሌባው አይገኝም። «ሌባውስ ሄደ፤ ሕጉ ግን እዚሁ አለ» ይላሉ። እንዴት ያለ አነጋገር ነው! በጉ የተሰረቀበት ሰው ግን ይህን ሰምቶ ረክቶ ሲሄድ አልታየም።

በእሳቸው ሥር የሚሠራ ሙዳሲር የሚባል ተራ ፖሊስ ነበር። የዚያው አገር ልጅ፣ ዝምተኛ፣ በርበሬ ከሩቅ ሲሸተው የሚያስነጥሰው። ይህ ሰው በየሳምንቱ ከአያ ያዕቁብ ሱቅ በርበሬ ይገዛ ነበር። አያ ያዕቁብ ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ነው፤ ለአበሻው በርበሬና ሽሮ ይሸጣል። ሚዛኑ ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ልጁ ሳና ናት። ፖሊሶቹ በሚያድሩበት ክፍል የበርበሬው ፌስታል ተከማችቶ ጓዶቹ በሙሉ ሲያስነጥሱ ጊዜ፣ ሙዳሲር ምን እንደያዘው ከእሱ በስተቀር ሁሉም አወቀ። በመጨረሻ እሱም አወቀውና ለሳና ነገራት። እሷም «እኔማ ከመጀመሪያው ፌስታል ጀምሮ አውቄዋለሁ» አለችው።

መዋደዱስ ተዋደዱ። ግን ሁለት ግንብ ፊታቸው ቆሟል። አንደኛው አባትየው ነው። አያ ያዕቁብ አንድ ቀን በከሻ ተይዟል። ከሻ ማለት ፖሊስ መኪና አምጥቶ ወረቀት የሌለውን አበሻ ሁሉ የሚያፍስበት አፈሳ ነው። የአያ ያዕቁብ የመኖሪያ ፈቃድ ቤት በተሰቀለው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እሱ ግን በአንድ እግር ጫማ መኪና ላይ ተወርውሮ ገዳሪፍ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መሐላ አለበት፦ «ልጄን ለሪክሻ ነጂ እሰጣለሁ፣ ለእረኛም እሰጣለሁ፤ ለፖሊስ ግን ወላሂ አልሰጥም!»

ሁለተኛው ግንብ ደንቡ ነው። ሙዳሲር አንድ ጠዋት ጉሮሮውን ጠርጎ አዛዡ ፊት ቆመ። መኮንንን «ጀናቦ» ብሎ መጥራት በእነሱ «ጌታዬ» እንደ ማለት ነው።

«ጀናቦ፣ ላገባ አስቤ ነበር።»

«ማንን?»

«ሳናን። የያዕቁብን ልጅ።»

«አበሻዋን?» ነቂብ ሉጥፊ እጃቸውን ታጠቡ። ፎጣው ተፈታ። «ስማ! ማንኛውም የሠራዊቱ አባል የልጅቱ ቤተሰብ አመጣጥ፣ ጠባይና ዝንባሌ በኮሚቴ ተጣርቶ ካልተፈቀደለት በስተቀር ከባዕድ አገር ዜጋ ጋር መጋባት፣ መተጫጨት ወይም ይህንኑ ማሰብ አይችልም ይላል። አንተ አስቤ ነበር አልክ።»

«ትንሽ ነው ያሰብኩ፣ ጀናቦ።»

«የመንግሥት ምስጢር ብትጠይቅህስ?»

«እኔ ምን ምስጢር አውቃለሁ?»

«ይኸውልህ! ምን ምስጢር እንደነገርካት እንኳ አታውቀውም!»

ሙዳሲር ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ዞረ። ነቂቡ ግን ሕግ አዋቂ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢ እሳቸው፣ አባል ሙላዚሙ (ሙላዚም የነቂብ የበታች መኮንን ነው)፣ ጸሐፊ ደግሞ ሻዊሹ፣ ማለትም ሻለቃ መስሎ የሚራመደው ሃምሳ አለቃ።

ኮሚቴው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የደንብ ልብሱን አስተኩሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ አያ ያዕቁብ ደጃፍ ላይ ቆመ። አያ ያዕቁብ ከሻ መስሎት ወደ ሸሚዙ ሮጠ። ፈቃዱን እያውለበለበ ሲመለስ ነቂብ ሉጥፊ እጃቸውን አነሡ።

«ወረቀትህን አስቀምጥ። የመጣነው ስለ ልጅህ ነው። ሙዳሲር የሚባል ፖሊስ ሊያገባት ይፈልጋል።»

አያ ያዕቁብ ፈቃዱን ኪሱ ከተተ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በዓርብ ቀን መጥተው ከቆሙ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ተልኳል። ባሕሪያ፣ ሚስቱ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አየችና ደረቷን ያዘች።

«ኧረ በነቢ! እንዲህ ያለ ሽማግሌ ጎንደርም አልታየ! ከነኮከባቸው እኮ ነው!»

«ግቡ እንጂ፣ ተፈደሉ፣ አንድ ነገር ቅመሱ» አለ አያ ያዕቁብ፣ እንግዳ ነውና።

«አንቀምስም!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። ደንቡ የፖሊስ አባል ከሕዝብ እጅ ቁራሽም ጉንጭም እንዳይቀበል ይከለክላል።

አያ ያዕቁብ ግን ደንቡን የት ያውቀዋል! «ወይ ወግ ማወቅ!» አለ በሆዱ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም። ሱዳኖች ይህን ከማን ተማሩት?

ነቂብ ሉጥፊ ዘሩን እስከ አያቱ አያት እንዲቆጥር አዘዙት። ቆጠረ፤ ደስ እያለው ቆጠረ። ልጅ ሲጠየቅ ዘር ይቆጠራል፣ ይህም ወግ ነው። ሻዊሹ ጻፈ። በመጨረሻ ነቂቡ «እንግዲህ ቃልህን ስጠን» አሉት። አያ ያዕቁብ መሐላው ትዝ አለው። መሐላው ባይኖርም በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የልጅ አባት ልጁ የከበደችበት ሰው ነው።

«እስቲ ዘመድ ልማከር። ሌላ ቀን ተመለሱ» አለ።

ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው፦ «ተጠያቂው ማንነቱ ካልተገለጸ አካል መመሪያ እየጠበቀ ነው» ሲል አሰፈረ።

በሌላ ዓርብ ተመለሱ። አያ ያዕቁብ «ታላቅ ወንድሜ መተማ ነው፣ ሳይሰማ አይሆንም» አላቸው። ኮሚቴው፦ «የውጭ ግንኙነቱ ተረጋግጧል» ሲል አሰፈረ። ያን ቀን ከጓዳ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣ ስለነበር የሻዊሹ የእጅ ጽሑፍ ከመካከሉ ጀምሮ አይነበብም።

ማታውኑ ሳና ለሙዳሲር ደወለችለት።

«አባቴ ሽማግሌዎችህን እንዴት እንደወደዳቸው!»

«የምን ሽማግሌ?»

ነገሩ ሲገባው ሙዳሲር ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። «ልነግራቸው ነው» አላት። «ነቂቡ ከሌላ ሰው ቢሰሙ ይገድሉኛል።»

«አፍህን ያዝ! እኔና አንተ ያቃተንን እነሱ እየለፉልን ነው። ምን ቸገረህ?»

ሙዳሲር ምን ቸገረኝ ብሎ አሰበ፤ ብዙ ነገር ይቸግረው ነበር። ግን ሳናን ከማጣት የሚብስ አላገኘምና አፉን ያዘ።

ኮሚቴው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አያ ያዕቁብ ሊያባርራቸው ቆርጦ ነበር። ባሕሪያ ጓዳ ውስጥ እጁን ይዛ አስቀረችው።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል? ሦስተኛ ጊዜ የመጣን ሽማግሌ ማን ያባርራል?»

«ምያለሁ እኮ! ፖሊስ ነው!»

«ሽማግሌዎቹም ፖሊስ ናቸው። ሽጉጥ የታጠቀ ሽማግሌ ልትመልስ ነው?»

አያ ያዕቁብ በመጋረጃው ቀዳዳ ሽጉጦቹን አያቸው። ጥሩ አድርጎ አያቸው። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «ልጄን ሰጥቻለሁ! አል-ፋቲሃ!» አለ።

አል-ፋቲሃ፣ የተሰጠ ቃል የሚጸናበት የቁርአን መክፈቻ፣ ሲባል የማንም ሙስሊም እጅ ባለቤቱን አያማክርም። የነቂቡ እጅ ተነሣ፣ የሙላዚሙ ተነሣ፣ ሻዊሹም እስክሪብቶውን በጥርሱ ነክሶ አነሣ። ፋቲሃውን አንብበው ፊታቸውን ሲያብሱ ግቢው በእልልታ ተደበላለቀ። ዶሮው መጣ። ሦስቱም ተያዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ እንደገና ተያዩ። ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ሲሸታቸው የከረመ ዶሮ ነው፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ፈረሰኛው ለነቂብ ሉጥፊ ደረሳቸው። በቃለ ጉባኤው ላይ ይህ ምዕራፍ «የምግብ ናሙና ተወሰደ» በሚል አጭር ዐረፍተ ነገር ታልፏል።

ሲወጡ አያ ያዕቁብ የነቂቡን እጅ ጨበጠ።

«እንግዲህ ዋሶቹ እናንተ ናችሁ። ልጄ ከተበደለች የማንኳኳው የእናንተን በር ነው።»

«የምን ዋስ?»

«ሽማግሌ አይደላችሁ?»

«እኛ አጣሪ ኮሚቴ ነን!»

«እሱማ ስሙ በየአገሩ ይለያያል፣ ጀናቦ» አለ አያ ያዕቁብ።

ነቂብ ሉጥፊ ጢማቸው ላይ የወጥ ቅባት እንዳለ ጣቢያ ገብተው በሩን ቆለፉ። ከሕዝብ እጅ በልተዋል፤ ደንቡ ደግሞ እንዲህ ያደረገ መኮንን ማዕረጉ ይገፈፋል ይላል። እልልታውን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። እጅ መታጠቡ ቀርቶ ፎጣው ተፈታ፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ገጽ አገላበጡ። መቼም ሙላዚሙ የዋዛ አይደለም።

«ጀናቦ፣ ከዘመድና ከአማች ቤት መብላት አይከለከልም ይላል!»

«ያዕቁብ ለእኛ ምናችን ነው?»

«የሙዳሲር አማት ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ የፖሊስ ሠራዊት አንድ ቤተሰብ ነው ይላል። ስለዚህ አማቻችን ነው። ፋቲሃው ከዶሮው ቀድሟል፤ በላን ማለት ከአማች ቤት በላን ማለት ነው።»

ነቂቡ ትንፋሻቸው መለስ አለላቸው። ሦስቱም የያዕቁብ አማቾች መሆናቸውን በማኅተም አጸኑ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ጋብቻው ከዶሮው ከቀደመ፣ ከፈቃዱም ቀድሟል። ሙዳሲር ያለ ፈቃድ አግብቷል ማለት ነው።

ሙዳሲር ተጠርቶ ከሥራ መሰናበቱ ተነበበለት። ነቂብ ሉጥፊ ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ጀናቦ፣ ያጋባችሁኝ እኮ እናንተ ናችሁ!»

«ለዚህ ነዋ ያለ ፈቃድ መሆኑን እርግጠኛ የሆንነው። ፈቅደን ቢሆን ኖሮ እናውቅ ነበር።»

ሙዳሲር የደንብ ልብሱን አስረክቦ እያለቀሰ ወደ ሱቁ ሄደ። ሥራ የለው፣ ደመወዝ የለው፤ ሳና ሳትቀርበት አትቀርም። አያ ያዕቁብ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው።

«አሁን ፖሊስ አይደለህም?»

«አይደለሁም፣ አባባ።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

«ባሕሪያ! ነይ፣ ስሚ! አላህ መሐላዬን አዳነልኝ!» ብሎ ልጁን እቅፍ አደረገው። ኒካሑ በሳምንቱ ታሰረ። ሙዳሲር ዛሬ እያስነጠሰ በርበሬ ይመዝናል። ሳና አጠገቡ ቁጭ ብላ ትስቃለች።

ከዚያ ከሻ መጣ። ከሌላ ቦታ የተላኩ፣ ማንንም የማያውቁ ፖሊሶች መኪናቸውን መንገዱ ላይ አቁመው ያገኙትን አበሻ ጫኑ፤ ሻይ የምትሸጠውን ዙፋንን፣ ለሰሊጥ አረም የመጣውን ታምሬን፣ ሌላውንም። አያ ያዕቁብንም ከሱቁ አወጡት። ዘንድሮ ግን ሁለቱንም ጫማ አድርጓል።

«የነቂብ ሉጥፊ አማች ነኝ» አለ ዘና ብሎ። «ደውልና ጠይቅ።»

ፖሊሱ ደወለ። ነቂብ ሉጥፊ ስልኩን ይዘው ላብ አጠመቃቸው። አይደለም ካሉ የበሉት ዶሮ የሕዝብ ዶሮ ሊሆን ነው።

«አማቼ ነው» አሉ።

«እኔ ደግሞ የሚስቱ እህት ነኝ!» አለች ዙፋን ከመኪናው ላይ።

«ጀናቦ፣ መስቀል ያሰረች ሴት እኔም ዘመድ ነኝ ትላለች።»

ነቂቡ በጣታቸው ቆጠሩ። ዘር እንደገና ይቆጠር ቢባል ኮሚቴው ሊጠራ ነው፣ ኮሚቴው ከተጠራ ቃለ ጉባኤው ሊገለጥ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ከተገለጠ ናሙናው አለ።

«...ናት» አሉ።

ታምሬም የአጎት ልጅ ሆነ። የቀረውም እንደየችሎታው ተዛመደ። አንድ ተራ ፖሊስ ከባዕድ እንዳይዛመድ ተብሎ በተጻፈ ደንብ፣ አንድ ነቂብ ከነሙላዚሙና ከነሻዊሹ፣ በማኅተም፣ የመንገዱ ሁሉ አማች ሆኑ።

«ጀናቦ፣ መኪናው ባዶ ቀረ» አለ ፖሊሱ በስልክ። «እዚህ ያሉት ሰዎች ደግሞ ደክሟችኋል፣ ግቡ፣ ዶሮ ደርሷል እያሉን ነው። ምን ላድርግ?»

ነቂብ ሉጥፊ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ።

«ሩጥ!» ብለው ጮኹ። «እንዳትቀምስ!»