አባ ጓል አፈርን በፖስታ ሊልኩ እንደ ዘመቱ

አዲሷ ዲን በተሾሙ በሦስተኛው ዓመት፣ ፎቶ ኮፒው ዝም ባለ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ጉልበታቸው ከጭቃ ብብታቸው ከደብተር የማይለየው ሊቀ አፈር ወመምህረ ፍግ፣ ፈረስ ባይኖራቸውም በፈረስ ስማቸው አባ ጓል የሚባሉት የግብርና መምህር፣ በግቢ ላሉትና ከግቢ ውጭ ላሉት ተማሪዎች ሁሉ አንድ የአፈር ትምህርት ይደርሱ ዘንድ ታዘዙ። እርሳቸውም እሺ ብለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በር ዘግተው፣ የባለቤታቸውን ስልክ እንኳ ሳያነሡ፣ በአርባ ቀን አሥራ ሁለት ምዕራፍ ጻፉ። የየምዕራፉም ፍጻሜ፣ «እንግዲህ ከክፍላችን ጀርባ ወዳለው መደብ ወርዳችሁ አንድ እፍኝ አፈር አንሡ፤ እሹት፣ አሽትቱት፣ ያገኛችሁትንም ጻፉልኝ» የሚል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ትምህርታቸውን የፈጸሙት በዚህ ቃል ነውና ሌላ አፈጻጸም አያውቁም።

ወእምዝ ድርሰቱ ወደ ዲኗ ጸሐፊ ገባ። እርሷም ነጥብ የማያመልጣት፣ የስቴፕለር እመቤት፣ አንብባ ስትጨርስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ጋሼ፣ ከግቢ ውጭ በየቤታቸው የሚማሩት አርባ ሦስቱ ተማሪዎች የክፍላችንን ጀርባ ከየት ያምጡት? ዲኗ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ኮርሱ ይሰረዛል ብለዋል፤ እንግዲህ ይወቁበት!»

ከአርባ ሦስቱም አንዲት ገበሬ ነበረች፤ አምስት ልጆች አሳድጋ፣ ማሳዋን ሳትተው የምትማርበትን ቀን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀች። የምዝገባ ፎርሟን የተቀበሉት አባ ጓል ራሳቸው ነበሩና፣ ይሰረዛል የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ዓይናቸው ረጠበ፤ እርሳቸው ግን አቧራ ነው አሉ።

ወዲያውም በደረጃው አናት ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «ተማሪው ወደ መደቡ መምጣት ካልቻለ መደቡ ወደ ተማሪው ይዘምታል! አካፋ ያለህ አካፋህን፣ ፖስታ ያለሽ ፖስታሽን ይዘሽ ተከተይኝ!» የተከተሏቸውም እሊህ ናቸው፦ በፊት አውራሪነት አትክልተኛው፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ አካፋ ተሸክሞ፤ በቀኝ ጸሐፊዋ፣ ስቴፕለሯን ታጥቃ፤ በኋላ ደጀን የኮሌጁ ሾፌር፣ ቁልፉን ቤት ረስቶ ስለመጣ በእግሩ። ማክሰኞ ተቆፈረ፤ ረቡዕ ተነፋ፤ አፈሩም በአርባ ሦስት ፖስታ ታሸገ። ከሠራዊቱም ጋር ሳይመዘገቡ የዘመቱ ትሎች ነበሩ።

ሐሙስ ጠዋት ፖስታ ቤት ደርሰው በሰልፉ ጅራት ሰፈሩ። ተራቸው ሲደርስ ባለ መስኮቷ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ፖስታ ሚዛን ላይ አኖረች፤ ጥጉም ተቀደደ፣ አፈሩ ፈሰሰ፣ አንድ ትልም ወጥቶ በቴምብሩ ላይ እየተዝናና አለፈ። እርሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦ «ወንድሜ፣ አፈር በፖስታ አይሄድም! ቀጣይ!» ብላ አወጀች። በዚህች ቃል ሠራዊቱ ተፈታ፤ አስቀድሞ የሸሸም ሾፌሩ ነው።

አባ ጓል ግን ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ይቅርታ ሊጠይቁ ለዚያች ገበሬ ደወሉ። ጣታቸው ጭቃ ስለነበር ሳያውቁት ድምፅ ማጉያውን ነኩትና መልሷ ለሰልፈኛው ሁሉ እንደ አዋጅ ተሰማ፦ «ውይ መምህር፣ ምን ነካዎት? እኔ እኮ የምውለው አፈር ላይ ነው! ጓሮዬ ሞልቶ የለም እንዴ? ጥያቄውን ብቻ ይላኩልኝ!»

ሊቀ አፈርም ከመደባቸው ውጭ አፈር መኖሩን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላሰቡትም ነበር፤ ስለ አፈሩም አፈሩ፣ ቀልተውም ተነሡ። ወደ ቢሯቸውም ሮጠው ቀይ እስክሪብቶ መዝዘው፣ «ከክፍላችን ጀርባ» የሚለውን በአሥራ ሁለት ስፍራ ሰይፈው «ከቤታችሁ ጀርባ» ብለው ጻፉ። በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ቀለሙ ከዳ፤ ጸሐፊዋም ሊፕስቲኳን ለዘመቻው ለገሰች። ዓርብ ዲኗ ፈረሙ። አርባ ሦስቱም ዳኑ፤ ያችም ገበሬ ስለ ጓሮዋ አፈር ዘጠኝ ገጽ ጽፋ ላከች፣ እርሳቸውም ቆመው አነበቡት፣ ቀኑባትም።

በሚቀጥለውም ሰኑይ ይኸው ድርሰት በግቢ ላሉት ስልሳ ተማሪዎች ታደለ። እነርሱም አነበቡ፣ ታዘዙም፤ ሻንጣቸውን ሸክፈው፣ የሁለት ቀን መንገድ ያለበትም በአውቶቡስ፣ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ። ዘበኛው ሊከለክል ቢነሣ ገጹን አሳዩት። ከመደቡም ዳር አባ ጓልና አትክልተኛው ብቻ ቀሩ።

ክብር ለአባ ጓል፣ ለድል አድራጊው፣ ለባለ ቀዩ እስክሪብቶ! ሌሎች መምህራን ሩቁን ለማቅረብ ደክመው አረጁ፤ እርሳቸው ግን ሩቁን አቀረቡ፣ ቅርቡንም አራቁ፤ በግቢና ከግቢ ውጭ ባለ ተማሪ መካከል የነበረውን ልዩነት በአንዲት ቀን ሻሩ፤ በዘመናቸውም በግቢው ውስጥ የረበሸ ተማሪ አልተገኘም።