«መጣሁ» እና የላፕቶፑ ድንጋይ

እኛ ሰዎች ስንሄድ «መጣሁ» እንላለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ «እመጣለሁ» እንኳ አይደለም፤ እግራችን ደጃፉን ሳይሻገር መጥተን ጨርሰናል። ባለሱቁ ዝርዝር ፍለጋ ሲወጣ «መጣሁ» ይላል። የቢሮው ሰው ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ «መጣሁ» ካለ ግን ቤታችሁ ሄዳችሁ ምሳችሁን ብትበሉ ይሻላል። ቋንቋችን ለሚሄደው ያዝናል። ለሚጠብቀው ግን እንጃ።

ባለቤቴም ያን ቀን ጠዋት «መጣሁ» ብሎኝ ነው የወጣው። መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ አለች። ዓመት አልፎታል፤ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ።

ድምፁ የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እንደ ሻንጣ በሚከብደው አሮጌ ላፕቶፑ ውስጥ። የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር የሚናገረውን ሲለማመድ የቀዳው ነው። ሌላው ሰው ፎቶግራፍ ያያል፤ እኔ ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማለሁ።

ሰሞኑን ታዲያ ላፕቶፑ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ «ቀኑን ንገሩኝ» እያለ አላልፍም አለ። ብነግረውም ይረሳል። ከገላን ኮንዶሚኒየም በነጠላ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ሳሪስ አቦ ሽኩር ዘንድ ወሰድኩት። ሽኩር ሬዲዮና ስልክ ሲፈታ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ጠጋኝ ነው። አፉ ከእጁ ይፈጥናል።

«እትዬ፣ ይሄን ከሙዚየም ነው ያወጡት?»

«ቀልዱን ተወውና ምን ሆኖ ነው?»

«ድንጋዩ ሞቷል።»

ሌላ ቃል ቢፈልግ ምን ነበረበት!

«ሰዓቱን የምታስታውስለት የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ድንጋይ አለችው፤ እሷን መቀየር ነው» አለ። «ግን አርጅቷል። ከፈታሁት በኋላ አልነሳም ቢል እንዳያዝኑብኝ።»

«ውስጡ ያለው ድምፅስ?»

«ድንጋዩ ድምፅ አይነካም። ከተነሳ ፍላሽ ላይ እገለብጥልዎታለሁ። ካልተነሳ…» ትከሻውን ሰበቀ።

ፍታው አልኩ። ፕላስቲኩ ቀጭ ባለ ቁጥር ጥርሴን የነቀለኝ ያህል ተሰማኝ። በመጨረሻ ድንጋዪቱን አወጣና ወደ ብርሃን ይዞ ገላመጣት።

«ይቺ እኔ ጋ የለችም። ከማዶ ላምጣ» ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«መጣሁ!»

ላፕቶፑ ሆዱን ተከፍቶ እፊቴ ተዘርግቷል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኖቹን በሁለት እጄ ከልዬ ተቀመጥኩ። ሰውየው ቆየ። ሻይ ገባ ይሆናል ብዬ ተናደድኩ። ቀጥሎ ንዴቱ ጠፋና ፍርሃት መጣ። ጎማ ሲጢጥ ሲል ብድግ፣ ክላክስ ሲጮህ ብድግ። ሽኩርን የዚያን ቀን የሰጋሁለትን ያህል እናቱም የሰጋችለት አይመስለኝም።

መጣ።

«ምነው ቆየህ!» ጮህኩበት።

«ኧረ እትዬ! መጣሁ ብዬዎት የለም እንዴ?»

ድንጋዪቱን ተክቶ፣ ሆዱን ገጥሞ ቁልፉን ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ዝም። ሽኩር መቀለዱን አቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ጫን አድርጎ ያዘው። ከውስጥ ማራገቢያው አቃሰተ፣ ብርሃን መጣ፣ ላፕቶፑ ቀኑን ጠየቀ። ሽኩር የዛሬን ሞላለት። አጥፍቶ ሲያበራው ዛሬን አልረሳም።

ሽኩር ፍላሽ ፍለጋ መሳቢያው ውስጥ ሲያጎነብስ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ድምፁን ከፈትኩት። ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጆቼ፣ ትዳር ማለት…» ሲል የሚያልፈው መኪና ዋጠው። ያኔ ከኩሽና «ወጡ ቀዘቀዘ!» ብዬ ስጮህበት አብሮ የተቀዳውን ድምፄንም ዋጠው። መኪናው ሲርቅ የባለቤቴ መልስ ቤቱን ሞላው፤

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

ሽኩር ቀና ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ማነው የመጣው?»

«ባለቤቴ» አልኩ።

ሽኩር ፈጠን ብሎ በርጩማውን በእጅጌው ጠረገና በሩ አጠገብ አኖረው። ወደ ውጭም «ጋሼ፣ ይግቡ!» አለ።

አላረምኩትም።