በአሰብ የቀዘቀዘ ሞተር

አሰብ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ብረት ነክታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው አትንኩ። እዚህ የበር እጀታ እንኳ በጨርቅ ተይዞ ነው የሚከፈተው።

እኛ ይህን እያወቅን ተሳሳትን። እኔ ከደሴ መጥቼ የምኖረው ከአጎቴ ከሰይድ ጋር ነው። እሱ ባለ ሱቅ ስለሆነ ከሰው ጋር ይውላል። እኔ ዓይን አፋር ስለሆንኩ አንድ ጓደኛ ብቻ ነበረኝ፤ አሊ። የአሊ ቤተሰቦች ወደ መንደራቸው ወደ በይሉል ተመለሱና እሱም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስሜን የሚጠራው መምህሩ ብቻ ነው። እሱም የቀረ ተማሪ ለማወቅ ነው።

ታዲያ የወደብ ሠራተኛው ጋሽ ተስፋይ ወደ አስመራ ሊዛወር ነውና ሞተር ብስክሌቱን ይሸጣል ተባለ። ዳቦ የሚመላለስባት ዓይነት እንዳትመስላችሁ። ስድስት መቶ ሲሲ ናት። ከፊቷ የንፋስ መከለያ፣ ከጎንና ጎኗ የዕቃ ሳጥን፣ ከኋላ ሰፊ መቀመጫ አላት። ለሩቅ መንገድ የተሠራች ናት። አጎቴ "ከገዛኋት የመጀመሪያው ዓርብ በይሉል እወስድሃለሁ" አለኝ። የመንገዱን አሸዋ እንዴት እንደምናልፈው አልጠየቅኩም።

አጎቴ ሰው ሳያማክር ክብሪት አይገዛም። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመላልሰውን ሾፌር ከበደን ጠየቀው። ከበደም፣ "ሰይድ ወንድሜ፣ ያገለገለ ሞተር ከመግዛትህ በፊት በእጅህ ንካው። ከሞቀ፣ አልነሳ ብሎ ሲታገሉት አርፍደዋል ማለት ነው" አለው። ምክሩ ደህና ነው። ለደሴ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሬ ከጋሽ ተስፋይ ደጃፍ ትይዩ ተቀምጬ ሞተሯን ሳያት አረፈድኩ። ማንም አላስነሳትም። እኔ ግን በልቤ አሊ ጋ ሦስት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ። እኩለ ቀን ላይ አጎቴ መጣ። ነካትና እጁን ሰበሰበ።

"አሙቀህ ጠበቅከኝ፣ ተስፋይ?"

"ኧረ ፀሐይዋ ናት። ይኸው ልጅህ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነው፤ ጠይቀው።"

"አንተ፣ አስነስቷታል?"

ሁለቱም አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አጎቴ ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው። "ልጁ እንኳ አፈረልህ" ብሎት ሄደ።

እውነቱን የነገርኩት ማታ እራት ላይ ነው። እንጀራውን እያየሁ። አጎቴ የጠቀለለውን ጉርሻ አስቀመጠና፣ "ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ብረት ሳይሞቅ እንሄዳለን" አለ።

ሄድን። ደጁ ባዶ ነበር። ሞተሯ ትናንት አመሻሹን የከበደ መኪና ላይ ተጭና ወደ አዲስ አበባ ተነስታለች። ከበደ ሳይነካት ነው አሉ የገዛት።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው። አሁን ዓርብ ዓርብ የተዘጋው ሱቃችን በር ላይ ተቀምጬ ወደ በይሉል መንገድ አያለሁ። አፌን ግን ገርበብ አድርጌ ነው። ዝንብም ብትሆን ትግባ፤ እሷም እንግዳ ናት።