ጋሽ ይነሳልና የናፍጣ ፓምፑ

መኪናው መንገድ ላይ ሲቆምበት የሚናደድ ሰው ሞልቷል። ጎማውን በእርግጫ የሚልም አለ። በየሰፈሩ ግን አንድ ሌላ ዓይነት ሰው አይጠፋም፤ ፒካፑ ዳገት መሃል ቀጥ ስትልበት የናፈቀው እንግዳ እንደመጣለት ሰው ፊቱ የሚበራ፣ እጅጌውን ሰብስቦ የሞተሩን ኮፈን የሚከፍት፣ ኋላው ተሰልፎ ጥሩምባ የሚነፋበትን ሁሉ «አይዟችሁ!» ብሎ የሚያጽናና። እንዲህ ያለውን ሰው «መኪናህን ሽጥ» ማለት «እናትህን ሽጥ» ከማለት አይተናነስም።

የእኛ ሰፈሩ ክቡርነታቸው ጋሽ ይነሳል ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ዛሬ የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ነው። መስታወት ቆራጭና ገጣሚ ናቸው። ፒካፓቸው የናፍጣ ናት፤ ጀርባዋ ላይ መስታወቱ ቆሞ የሚሄድበት የእንጨት መደገፊያ አላት። ይህች ፒካፕ ሁሉ ነገሯ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ አይበረክትላትም። ይሞታል፤ አዲስ ይገባላታል፤ ጥቂት ወራት እንደ ሙሽራ ትሽቀረቀራለች፤ ያኛውም ይሞታል። ከሟቾቹ አንዱ የሱቃቸው በር በነፋስ እንዳይዘጋ ይደግፋል። ሌላው ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ይጫናል። የቀሩት መደርደሪያ ላይ እንደ ዋንጫ ተደርድረዋል።

በቆመች ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ይነሳል!»

ለሞተሩ ይሉታል። ታሞ ለተኛ ጎረቤት ይሉታል። አንድ ጊዜ ግድግዳው ለተናደ ወዳጃቸው እንኳ ብለውታል፤ ግድግዳውም እውነትም ተነሣ።

ይህን ሁሉ በቅርብ ሆኖ የታዘበው የልጃቸው ባል ነው። ፋርማሲስት ነው፤ ነጭ ጋዋኑን ራሱ የሚተኩስ፣ ትንሿን የቤት መኪናውን በየጊዜው ዘይት የሚያስቀይር፣ ነገር ሁሉ በሰዓቱ እንዲሆን የሚወድ ሰው። እሳቸው «ዶክተሩ» ይሉታል፤ ማሾፋቸው ይሁን ማክበራቸው ከሠርጉ ጀምሮ አልገባውም።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ከባድ በረዶ ጣለና የጤና ጣቢያውን የሕፃናት ክፍል መስኮቶች አረገፋቸው። አልጋዎቹ ኮሪደር ላይ ወጡ። በማግስቱ ማለዳ ዋና ነርሷ ደውላ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ከዘነበ እነዚህን ልጆች የት ላስጠጋቸው?» ስትላቸው ጋሽ ይነሳል ወሬውን ሰምተው ሌሊቱን መስታወት ሲቆርጡ አድረው ነበር። ጠዋት መስታወቱ በአሮጌ ብርድ ልብስ እየተለበደ ተጫነ። ፋርማሲስቱም ለእገዛ ተብሎ ጋቢና ገባ። ተልዕኮው ግን ሌላ ነበር፤ አማቱና ሚስቱ ተማክረው «መኪናዋን እንዲሸጡ አንተ ንገራቸው፤ አንተን ይሰማሉ» ብለው ልከውታል።

«ጋሼ፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።»

«ስለ መኪናዋ ነው?»

«እንዴት አወቁ?»

«አማትህ ቁርስ ላይ እንቁላል ደረበችልህ። ነገር ካላሰበች አትደርብም።» ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉ። «ተናገር፤ ድምፅህን ብቻ ዝቅ አድርገው። ትሰማለች።»

ሰማች መሰለኝ። ዳገቱን አጋምሰው ሳለ ጉልበቷ ከዳት፤ አንዴ ተንዘፈዘፈች፤ ጸጥ አለች። ጋሽ ይነሳል የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ወርደው ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቁ፣ ኮፈኑን ከፈቱ። ፋርማሲስቱ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም።

«ይነሳል!» አሉ ከኮፈኑ ሥር።

አልተነሣም። መካኒኩን ደወሉለት፤ ከከተማ ውጭ ነው፣ ከሰዓት በኋላ እንጂ አይደርስም። ዳመናው ደግሞ ከተራራው ማዶ እየጠቆረ ይመጣል። ፋርማሲስቱ ሰዓቱን አየ፣ ዳመናውን አየ። ልጆቹ አሁንም ኮሪደር ላይ ናቸው። «ነግሬዎት ነበር» ሊል አሰበ፤ ገና እንዳልነገራቸው ትዝ ሲለው ተወው።

በዚህ መሃል ከፈረቃ የወጡ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች ዳገቱን በእግራቸው ሲወጡ ደረሱ። የደከመ ፊት፣ ሙጫ የነካ እጅ፣ በትከሻ ላይ የተጣለ ሽርጥ። ጋሽ ይነሳል መንገዱ መሃል ቆሙ። የለማኝም የአዛዥም ድምፅ አላወጡም።

«እናንተ ልጆች፣» አሉ፣ «ሰማይ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ?»

ሠራተኞቹ ተያዩ። አንዷ ሴት ሳቀች። «ኧረ ጋሼ፣ እኛ የተሸከምነው መች አነሰና?»

«እንግዲያው ይችን ጨምሩልኝ። ጤና ጣቢያው ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው።»

ሌላ ቃል አላስፈለገም። ጋሽ ይነሳል ብርድ ልብሱን ቀደው ለየእጁ ጨርቅ አደሉ። ለእያንዳንዱ መስታወት ሁለት ሁለት ሰው መደቡ። «አቁማችሁ ያዙት፤ ጋደም ካደረጋችሁት በገዛ ክብደቱ ይሰበራል። ነፋስ ሲመጣ ፊቱን አትስጡት፣ ጠርዙን ስጡት። የሚያመልጣችሁ ከሆነ ልቀቁት፤ አትያዙት። እጅ አይገዛም፣ መስታወት ግን ሌላ ይቆረጣል።»

ፋርማሲስቱ የእሳቸው ጓድ ሆኖ ከኋላ ያዘ። ጉዞው ተጀመረ። ዞር ብሎ ያየውን እስከ ዛሬ ለሰው ሲያወራ እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ዳገቱ ሙሉ መስታወት ይራመድ ነበር። እያንዳንዱ ላይ የጠቆረ ዳመና፣ የዛፍ ጫፍ፣ የሚበር ወፍ ቁራጭ አለ፤ ከሥሩ የሰው እግር። ሽቅብ የሚመጡ መኪኖች ያለ ማንም ትእዛዝ ቆሙ። የአንድ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች በሙሉ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ፤ ጥሩምባ የነፋ አልነበረም። የእግር ኮቴና የጋሽ ይነሳል «ጠርዙን! ጠርዙን!» ብቻ ይሰማል።

ጫፉ ሊደርሱ ሲሉ ነፋሱ ድንገት ዞረ። አንድ ጎረምሳና ጓደኛው የያዙት መስታወት ተርገበገበ፤ ለቀቁት፤ አስፋልቱ ላይ እንደ በረዶ ተበተነ። ጎረምሳው ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ…» ማለት ሲጀምር ሽማግሌው የራሳቸውን መስታወት መንገድ ዳር ያለ አጥር ላይ አስደግፈው ሄዱና ሁለት እጁን ገልብጠው አዩለት።

«እጅህ ደህና ነው። በቃ፣ ምንም አልተሰበረም።»

ፋርማሲስቱ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አያቸው። መድኃኒት ሲያድል ስንት ዓመት ኖሯል፤ እንዲህ ባንድ አፍታ የሰው ፊት ቀለም የሚመልስ ግን መደርደሪያው ላይ የለውም።

ጤና ጣቢያው ግቢ ሲገቡ ነርሷ በሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። «ጋሼ፣ በእግር?»

«ፒካፗ ዛሬ ዕረፍት ላይ ናት፣ ሲስተር።»

ሠራተኞቹ ያዙ፣ እሳቸው ገጠሙ፣ ፋርማሲስቱ በአውራ ጣቱ ማጣበቂያውን ስቱኮ ዳር ዳሩን ለጠፈ። በተሰበረው መስታወት ቦታ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ተመታ። የመጨረሻው ሚስማር ሲገባ ዝናቡ ወረደ፤ መስታወቱን ደበደበው፣ አልገባም። አልጋዎቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ክንዷ ላይ ግሉኮስ የተሰካላት አንዲት ሕፃን ውሃው መስታወቱ ላይ ሲወርድ በጣቷ ትከተለው ጀመር። የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞቹም ቤታቸው መሄዳቸውን ረስተው ግድግዳ ተደግፈው ያዩዋታል።

ፒካፗ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ «ያው ፓምፑ ነው፤ አዲስ እናስገባለን» ሲል አብረው የመጡት የጋሽ ይነሳል ባለቤት ከተቀመጡበት ተነሡ። ልብስ ማጠቢያ ቤት አላቸው፤ በሕይወታቸው ያልታገሱት ነገር ቢኖር ቆሻሻ ነው። መካኒኩ የፈታውን የናፍጣ ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ከእጁ ተቀብለው ውስጡ የቀረውን ናፍጣ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጡት።

«ይሄ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን አከከ። «የብረት ብናኝ ነው፣ እትዬ። ፓምፑ ሲሞት ራሱን ይፈጫል።»

«እና የሟቹ ፍርፋሪ ታንኩና ቱቦው ውስጥ እንዳለ ነው አዲሱን የምታስገቡት?»

መካኒኩ መፍቻውን አስቀመጠ። አዲሱን የሚገድለው ያው አሮጌው ነበረ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሟች የሚቀጥለውን እየመረዘ።

«ታንኩ ይውረድ፣» አሉ እትዬ። «ቱቦው ይታጠብ፤ የማይታጠበው ይቀየር። ከዚያ በኋላ ፓምፕ አምጣ።» ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ትሸጥ ያልኩት ቆሻሻዋን ስለማላውቅ ነው። አሁን አወቅኩት።»

ታጠበች። ቱቦውም ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝልም ተቀየረ። ክረምቱ አልቆ በጋው ገባ፤ ፒካፗ አንድም ቀን አልቆመችም። እትዬ ደስ አላቸው፣ ሰፈሩ ተገረመ፣ ጋሽ ይነሳል በየመንገዱ ያፈሯቸው ወዳጆች በእጅ ሰላምታ ብቻ ይታለፉ ጀመር።

ፋርማሲስቱ ግን አንድ ነገር ቅር አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯቸው መውጣት ልማድ ሆኖበታል፤ ገና ወሬ ሳይጀምሩ የሚሄዱበት ይደርሳሉ። አንድ ቅዳሜ ለጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኙ ማሽላ በሆነበት፣

«ጋሼ፣ ዳር ይያዙ እስቲ፣» አለ።

ደንግጠው ያዙ። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ። «ምን ሰማህ?»

«ምንም። ትንሽ እንቁም ብዬ ነው።»

ትክ ብለው አዩትና ሞተሩን አጠፉት። አንድ የጭነት መኪና አጠገባቸው ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ፤ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «አባት፣ ምኗ ነው? ላግዝዎት?» አላቸው።

«እሷስ ደህና ናት፣» አሉ ጋሽ ይነሳል። «ዛሬ የቆመብኝ አማቼ ነው።»

ሾፌሩ እየሳቀ አለፈ። እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ጫማቸውን አወለቁ። «በል እንግዲህ ልጄ፣» አሉት፣ «አጫውተኝ።»